የጥንት ጀርመናውያንን ጦር በጠረጴዛ ላይ መፈተሽ፦ የቱን ማደራረብ፣ የቱን መዘርጋት?

በትንንሽ ምስሎች በሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ የጥንት ጀርመናውያን ጦር በጠረጴዛ ላይ ሲሰለፍ ለዓይን ቀላል ነው። ከ12ቱ መቆሚያዎች (ምስሎቹ የሚጣበቁባቸውና እንደ አንድ ክፍል የሚንቀሳቀሱ ቁራጮች) ዘጠኙ ያህል ጋሻና ጦር የያዘ ጭፍራ ነው፤ ጥቂት ፈረሰኛና ጥቂት ወርዋሪ (ተበትኖ የሚዋጋ ቀላል እግረኛ) ይታከሉበታል፣ በቃ። ብዙ ተጫዋች ይህን አይቶ ሁሉንም ባንድ ላይ ወደፊት ይነዳል፤ ደጋግሞ ሲሸነፍም ጦሩ ደካማ ነው ብሎ ወደ ሣጥኑ ይመልሰዋል። ጦሩ ግን ደካማ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው፦ ጭፍራ በደንብ የሚገድለው ከኋላው ሌላ ጭፍራ ሲደገፍ ነው፣ ከመከበብ የሚድነው ደግሞ ጎን ለጎን ሲዘረጋ ነው። በዘጠኝ መቆሚያ ሁለቱን ባንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ፍተሻው ሊመልስ የሚገባው ጥያቄ የትኛው የሰልፉ ክፍል ይደራረብ፣ የትኛው ይዘርጋ የሚለው ነው። ማሸነፍና መሸነፍ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ደንቡና ቁጥሮቹ

እዚህ የምንጠቀመው ደ ቤሊስ አንቲኳይታቲስ፣ በአጭሩ ዲቢኤ የሚባለውን፣ መጀመሪያ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመውን ደንብ ነው። ለፍተሻ የሚመች ነው፤ እያንዳንዱ ወገን 12 መቆሚያ ብቻ ስላለው አንድ ጨዋታ በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ደጋግሞ መጫወት ይቻላል። ተራው የደረሰው ተጫዋች አንድ ዳይስ ይጥላል፤ የወጣው ቁጥር በዚያ ተራ ሊሰጥ የሚችለው የትእዛዝ ነጥብ ነው። ሁለት መቆሚያዎች ሲጋጠሙ እያንዳንዱ የራሱን የውጊያ ነጥብ ከዳይሱ ጋር ይደምራል። ድምሩ ያነሰው አብዛኛውን ጊዜ ያፈገፍጋል፤ ድምሩ የባላጋራውን ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይጠፋል። አራት መቆሚያ የጠፋበትና ከጠላቱ ይልቅ ብዙ ያጣ ወገን ይሸነፋል።

ለዚህ ፍተሻ የሚያስፈልጉት ነጥቦች እነዚህ ናቸው። ጭፍራ በእግረኛ ላይ 3፣ በፈረሰኛ ላይ 2 አለው። የሮማ ሌጌዎን እግረኛ (ዋናው ከባድ እግረኛ፣ ከዚህ በኋላ በአጭሩ ሌጌዎን) በእግረኛ ላይ 5፣ የሮማ ረዳት እግረኛ በእግረኛ ላይ 3፣ ፈረሰኛ 3 አላቸው። ከኋላው ሌላ ጭፍራ ያለው ጭፍራ ከሌጌዎን ጋር ሲዋጋ 1 ይጨመርለታል። ጎኑ ላይ ጠላት የቆመበት ለእያንዳንዱ ጎን 1 ይቀነስበታል። ከፍታ ላይ ያለ 1 ይጨመርለታል። ሌጌዎን ጫካ ውስጥ 2 ይቀነስበታል፤ ጭፍራ ግን አይቀነስበትም። ከሁሉም የሚበልጠው ደንብ ደግሞ ይህ ነው፦ ጭፍራ ሌጌዎንን በአንድ ነጥብ እንኳ ቢበልጥ ሌጌዎኑ ማፈግፈጉ ይቀርና ይጠፋል። የያዙት እትም ቁጥር ከዚህ የተለየ ከሆነ የራስዎን ይተኩ፤ አሠራሩ ያው ነው።

1. ዕቃውን በካርቶን ያዘጋጁ

ምስሎቹን ገና አይግዙ፤ ገዝተው ከሆነም በመቆሚያው ላይ አያጣብቁ። በ15 ሚሊ ሜትር ልክ (የምስሉ ቁመት ማለት ነው) የአንድ መቆሚያ ግንባር 40 ሚሊ ሜትር ነው። ከጠንካራ ካርቶን 24 ቁራጭ ይቁረጡ፤ 12 ለጀርመናውያን፣ 12 ለሮማውያን። ጥልቀቱን ከደንብ መጽሐፉ ይውሰዱ። በያንዳንዱ ላይ ዓይነቱንና ከ1 እስከ 12 ቁጥር ይጻፉ። ቁጥሩን አይዝለሉት፤ "አንዱ ጭፍራ ጠፋ" ከሚል ማስታወሻ ይልቅ "7 ቁጥር ጠፋ" የሚለው ነው በኋላ የሚጠቅመው፣ 7 ቁጥር የት እንደቆመ ይታወቃልና።

መጀመሪያ የሚፈተሸው ጦር፦ አንድ ፈረሰኛ አዛዥ፣ አንድ ፈረሰኛ፣ ዘጠኝ ጭፍራ፣ አንድ ወርዋሪ። ጭፍራው በአራት አራት ምስል፣ ፈረሰኛው በሦስት ሦስት፣ ወርዋሪው በሁለት ቢሠራ 44 ምስል ይሆናል። ጭፍራውን በሦስት ሦስት ካደረጉት 35 ይበቃል፤ ነገር ግን ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ በአዲሱ እትም ባለ ሦስትና ባለ አራት ምስል ጭፍራ በደንቡም ይለያያሉ፤ ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የትኛው እንደሆነ ይጻፉ። ተጋጣሚው፦ አንድ ፈረሰኛ አዛዥ፣ አንድ ፈረሰኛ፣ ስድስት ሌጌዎን፣ ሦስት ረዳት እግረኛ፣ አንድ ወርዋሪ።

ሜዳው 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ጠረጴዛ ወይም ጨርቅ ይሁን። ጫካ ለመሥራት ከአረንጓዴ ጨርቅ ሁለት ሦስት ቅርጽ ይቁረጡ። ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው ዳይሶች፣ ማስመሪያና እርሳስ ይበቃሉ። በየጨዋታው መካከል ዳይሶቹን ያቀያይሩ፤ ሚዛኑ የተዛባ ዳይስ ለአንዱ ወገን ብቻ እንዳያደላ።

2. ከጨዋታው በፊት 36ቱን አጋጣሚዎች ይቁጠሩ

ሁለት ዳይስ 36 አጋጣሚ አለው። በወረቀት ላይ ስድስት በስድስት ሠንጠረዥ አስምረው የእያንዳንዱን ፍልሚያ ውጤት ይሙሉ። ሥራው አሰልቺ ቢመስልም የዚህን ጦር ጠባይ ከየትኛውም ምክር በላይ የሚያሳየው ይህ ነው። ጭፍራ ከሌጌዎን ጋር በገላጣ ሜዳ ሲገጥም የሚወጣው እንዲህ ነው፦

- ድጋፍ የሌለው ጭፍራ፣ 3 ለ 5፦ ሌጌዎኑ በ6 አጋጣሚ ይጠፋል፣ ጭፍራው በ6 ይጠፋል፣ በ20 ያፈገፍጋል፣ በ4 እኩል ይወጣሉ።
- ከኋላ የተደገፈ፣ 4 ለ 5፦ ሌጌዎኑ በ10 ይጠፋል፣ ጭፍራው በ2 ብቻ።
- የተደገፈ ሆኖ ሌጌዎኑ በአንድ ጎን የተጋለጠ፣ 4 ለ 4፦ ሌጌዎኑ በ15፣ ጭፍራው በ1።
- የተደገፈ ሆኖ ሌጌዎኑ በሁለቱም ጎን የተጋለጠ፣ 4 ለ 3፦ ሌጌዎኑ በ21፤ ጭፍራው በፍጹም አይጠፋም።
- ድጋፍ የሌለው ጭፍራ ራሱ በሁለት ጎን የተጋለጠ፣ 1 ለ 5፦ ሌጌዎኑ በ1፣ ጭፍራው በ18።

የመጨረሻውን መስመር ቆም ብለው ይዩት። ግማሽ በግማሽ የመጥፋት ዕድል ነው፤ ይህ ደግሞ ጭፍራው በራሱ ድል ምክንያት የሚገባበት ሁኔታ ነው። ጭፍራ ጠላቱ ሲያፈገፍግ ወይም ሲጠፋ ማሳደድ ግዴታው ነው። ፊቱ የነበረውን ሌጌዎን ደምስሶ ወደፊት ሲገባ ግራና ቀኙ ያሉት ሌጌዎኖች ጎን ለጎኑ ይሆናሉ። ያሸነፈው ጭፍራ በሚቀጥለው ተራ የሚሞተው በዚህ ነው። የኋላ ድጋፉ አብሮት ከገባ 2 ለ 5 ይሆናል፣ የመጥፋት ዕድሉም ወደ 12 ይወርዳል።

ሌላ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። በያዙት እትም ፊተኛው ጭፍራ ሲጠፋ ደጋፊውም አብሮ ይጠፋ እንደሆነ ከደንቡ ያረጋግጡ። አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ሁለት የፊት ጭፍራ ማጣት አራት መቆሚያ ማጣት ነው፣ ጨዋታው በዚያው ሊያልቅ ይችላል። በዚያን ጊዜ የ2 አጋጣሚው አደጋ እንደ 4 ይቆጠር።

ፈረሰኛንም ይቁጠሩ። የሮማ ፈረሰኛ ጭፍራን በገላጣ ሜዳ ሲገጥም 3 ለ 2 ነው፤ ጭፍራው በ6 አጋጣሚ ይጠፋል፣ ፈረሰኛው በ1 ብቻ። የሰልፉን ጫፍ ለፈረሰኛ ክፍት መተው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይህ ይነግራል።

3. ሰልፉን ብቻ ነጥለው ያጋጩ

ሙሉ ጨዋታ ከመጀመርዎ በፊት አራት ሌጌዎን ጎን ለጎን አቁመው አራት ድርብ ጭፍራ (ፊትና ኋላ የቆሙ ሁለት ሁለት መቆሚያዎች) ያጋጥሟቸው። አዛዥ፣ ፈረሰኛ፣ ጫካ፣ ምንም አይኑር። ለሁለቱም ወገን የትእዛዝ ዳይስ እየጣሉ ሦስት ተራ ያጫውቱ፣ ውጤቱን ይጻፉ፣ ካርቶኖቹን መልሰው ይደግሙ። ቀጥሎ አራት ነጠላ ጭፍራ በማቆም ያንኑ ያድርጉ። ለእያንዳንዱ አሥር አሥር ዙር ይበቃል።

የመጀመሪያው ግጭት ምን ሊመስል እንደሚችል ከሠንጠረዡ ይታወቃል። የጫፎቹን መጋለጥ ሳንቆጥር፣ ከአራት ድርብ ጭፍራ ቢያንስ አንዱ ሌጌዎን የሚደመስስበት ዕድል 73 በመቶ ያህል ነው፤ በነጠላ ጭፍራ 52 በመቶ ያህል። የእርስዎ አሥር ዙር ከዚህ በጣም ከራቀ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከዳይሱ ሳይሆን ከአቆጣጠር ነው። በብዛት የሚረሱት ሦስት ናቸው፦ ድሉ በአንድ ነጥብ ሲሆን ሌጌዎኑን ከማጥፋት ይልቅ እንዲያፈገፍግ ማድረግ፤ ከመጀመሪያው ፍልሚያ በኋላ የተለወጠውን የጎን መጋለጥ ለሚቀጥለው ፍልሚያ አለመቁጠር፤ ማሳደዱን መዝለል። በተለይ ሁለተኛው ከባድ ስህተት ነው፤ የጀርመናውያን ሰልፍ ጉልበት አንድ ቀዳዳ ከተከፈተ በኋላ በግራና በቀኝ ያሉት ሌጌዎኖች መጋለጣቸው ላይ ነው። ለዚህም የፍልሚያ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ዕድሉ የተሻለውን ድርብ ጭፍራ መጀመሪያ ያዋጉ፣ ከዚያ ጎረቤቶቹን።

4. ሦስት አሰላለፍ ይምረጡ፣ ግንባሩን በሚሊ ሜትር ይለኩ

ስድስት ሌጌዎን 240 ሚሊ ሜትር ይይዛል፣ ከሦስት ረዳት እግረኛ ጋር 360። ዘጠኙን ጭፍራ በአንድ ረድፍ ካቆሙ እርስዎም 360 ያገኛሉ፤ ማንም ማንንም አያቅፍም፣ ከሌጌዎን ጋር የሚደረገው ፍልሚያ ሁሉ ግን በ6 አጋጣሚ ማጥፋት፣ በ6 መጥፋት ነው። ይህ ሰፊው አሰላለፍ ነው። ጥልቁ አራት ድርብና አንድ ነጠላ ጭፍራ ነው፤ ግንባሩ 200 ሚሊ ሜትር፣ መሐሉ ኃይለኛ፣ ሁለቱ ጫፎች ግን ለረዳት እግረኛና ለፈረሰኛ የተጋለጡ።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የተሻለ ሆኖ የሚገኘው የአንድ ክንፍ አሰላለፍ ነው። ሦስት ድርብ ጭፍራ በአንድ ወገን፣ ሦስት ነጠላ በሌላው። ግንባሩ 240 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ልክ እንደ ስድስቱ ሌጌዎን። ድርቡን ከሌጌዎን ፊት፣ ነጠላውን ከረዳት እግረኛ ፊት ለማቆም ይጣሩ። ረዳት እግረኛን ጭፍራ በአንድ ነጥብ አሸንፎ አይደመስሰውም፤ 3 ለ 3 ሲሆኑ እያንዳንዱ በ2 አጋጣሚ ብቻ ይጠፋል፣ ሌላው መገፋፋት ነው። እዚያ ድርብ ጭፍራ ማቆም ጉልበት ማባከን ነው። ነጠላው ክንፍ ሥራው ጊዜ መግዛት ነውና ጫካ ካለ ጫካው ዳር ይቁም። ሌጌዎን ተከትሎ ከገባ 3 ለ 3 ይዋጋል፤ ጭፍራው በ15 አጋጣሚ ይደመስሰዋል፣ ራሱ በ2 ይጠፋል። የጀርመን ጫካ ለሮማ ሠራዊት ምን እንደነበረ ይህ ቁጥር በደንብ ይናገራል።

ነገር ግን ጫካውን ሁልጊዜ እንደሚያገኙ አይቁጠሩ። ሜዳውን የሚያዘጋጀው ተከላካዩ ነው፤ ጀርመናውያን አጥቂ ሲሆኑ ሮማዊው ገላጣውን ይመርጣል። ስለዚህ ግማሹን ጨዋታ ተከላካይ፣ ግማሹን አጥቂ ሆነው ይፈትሹ። በጫካ ብቻ የተፈተሸ ጦር አልተፈተሸም።

5. ሙሉ ጨዋታውን ያካሂዱ

ለእያንዳንዱ አሰላለፍ ስድስት ጨዋታ፦ ሦስት በተከላካይነት፣ ሦስት በአጥቂነት። በመሐል የጦሩን ጥንቅር አይለውጡ፣ አሰላለፉንም አያሻሽሉ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከተለወጠ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ተጋጣሚ ከሌለና ብቻዎን የሚፈትሹ ከሆነ የሮማውን ዕቅድ ዳይስ ይወስን፣ ያውም ጀርመናውያኑ ከመሰለፋቸው በፊት፦ 1 ወይም 2 ከወጣ ሮማውያን ቆመው ይጠብቃሉ፤ 3 ወይም 4 ከወጣ በቀጥታ ይገሠግሣሉ፤ 5 ወይም 6 ከወጣ ፈረሰኞቹና ረዳቶቹ አንዱን ክንፍ ለመዞር ይሄዳሉ። ይህ ካልተደረገ እጅ ሳያስበው ለሚወደው ወገን ያደላል።

የትእዛዝ ነጥብ ይህን ጦር የሚጎዳው በአካሄድ ላይ ሳይሆን ከግጭት በኋላ ነው። ያልተበጠሰ ሰልፍ በአንድ ነጥብ ሙሉውን ይንቀሳቀሳል። ከተጋጨ በኋላ ግን አንዱ አፈግፍጎ ሌላው አሳድዶ ሰልፉ አራት አምስት ቦታ ይቆራረጣል፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ነጥብ ይጠይቃል። በሦስት ተራ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ 1 የሚወጣበት ዕድል 42 በመቶ ነው። ስለዚህ ወርዋሪውንና ፈረሰኞቹን ወደ ቦታቸው የሚያደርሱት ከግጭቱ በፊት፣ ሰልፉ ገና አንድ ነጥብ ብቻ በሚፈልግበት ጊዜ ይሁን። አዛዡን ደግሞ ከሰልፉ ጫፍ ኋላ ያቁሙት፤ ከሌጌዎን ፊት ማዋል የለበትም።

6. የሚመዘገበው

ድልና ሽንፈት ብቻ መጻፍ ያሳስታል። ሁለቱ ጦሮች ፍጹም እኩል ቢሆኑ እንኳ ከስድስት ጨዋታ አምስት ወይም ከዚያ በላይ የማሸነፍ ዕድል 11 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ "አምስት ለአንድ አሸነፈ" ማለት ብቻውን ብዙ አይነግርም። ፍልሚያዎቹ ግን በየጨዋታው ብዙ ናቸው፣ እነርሱን ይቁጠሩ። በአንድ ገጽ ላይ ለየተራው ይህን ይጻፉ፦ የተራው ቁጥር፣ የትእዛዝ ዳይሱ፣ ስንት ድርብና ስንት ነጠላ ፍልሚያ እንደተደረገ፣ ከነዚህ በስንቱ ጭፍራው በጎን እንደተጋለጠ፣ የጠፋው መቆሚያ ቁጥርና የጠፋበት ምክንያት። ምክንያቱ አጭር ይሁን፤ "ከማሳደድ በኋላ"፣ "ፈረሰኛ ከጎን"፣ "ፊት ለፊት" ይበቃል። የመጀመሪያው ግጭት በስንተኛው ተራ እንደሆነም ይያዝ።

7. ከታሪኩ ጋር ያመሳክሩ

ሦስቱ አሰላለፎች ከተፈተሹ በኋላ አንድ ሁለት የታሪክ ውጊያ ያጫውቱ፤ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ከጀርመናውያኑ ንጉሥ ከአርዮቪስቱስ ጋር ያደረገው በጣም የሚስማማ ነው። ጀርመናውያኑ በየነገዳቸው ተሰልፈው፣ ሠረገሎቻቸውን ከኋላ አድርገው ገጠሙ፤ በፍጥነት ስለደረሱ ሮማውያን ጦር መወርወሪያ ጊዜ አላገኙም። የጀርመናውያን ግራ ክንፍ ተሰበረ፣ ቀኛቸው ግን ሮማውያንን ሊያሸንፍ ሲል ወጣቱ የሮማ መኮንን ፑብሊዩስ ክራሱስ ሦስተኛውን ረድፍ ልኮ አዳነ። በጠረጴዛው ላይ ድርቡን በጀርመናውያን ቀኝ፣ ነጠላውን በግራ ያቁሙ፤ ለሮማውያን ሁለት ሌጌዎን ከኋላ ይቆዩላቸው። ውጤቱ ሁለቱም ቀኝ ክንፎች የሚያሸንፉበት እሽቅድምድም ከሆነ ደንቡም አሰላለፉም በትክክል እየሠሩ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ102 በአኳይ ሴክስቲያይ የሆነው ሌላውን ወገን ያሳያል። የሮማው ጄኔራል ማሪዩስ ሌጌዎኖቹን ኮረብታ ላይ አቁሞ ቴውቶናውያኑ፣ የጀርመናውያን ነገድ፣ ሽቅብ እንዲመጡ አደረገ፣ የእርሱ መኮንን ክላውዲዩስ ማርሴሉስም ከተደበቀበት 3,000 ወታደር ይዞ ከኋላ ወጣ። ከፍታው ሲታከል የተደገፈው ጭፍራ 4 ለ 6 ይዋጋል፤ ሌጌዎኑ የሚጠፋበት ከ10 ወደ 6 ይወርዳል፣ ጭፍራው የሚጠፋበት ከ2 ወደ 4 ይወጣል። ሽቅብ ላለመሄድ ይህ በቂ ምክንያት ነው። የጀርመናውያን መሪ አርሚኒዩስ በ9 እ.ኤ.አ. የሮማውን ጄኔራል የቫሩስን 17ኛ፣ 18ኛና 19ኛ ሌጌዎኖች ያጠፋበት የቴውቶቡርግ ጫካ ግን ለፍተሻ አይሆንም፤ ሮማውያን ተዘርዝረው በጉዞ ላይ ሳሉ የተጠቁበት ስለሆነ ስለ ሰልፉ ሚዛን የሚያስተምረው ነገር ትንሽ ነው። ለደስታ ይጫወቱት።

8. መዝገቡን አንብበው አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ

ከጠፉት ጭፍሮች አብዛኞቹ "ከማሳደድ በኋላ" የሚል ከተጻፈባቸው ችግሩ የጦሩ ጥንቅር ሳይሆን የፍልሚያው ቅደም ተከተልና የጎረቤቶቹ ድጋፍ ነው፤ መቆሚያ አይለውጡ። "ፈረሰኛ ከጎን" ከበዛ በክፍቱ ጫፍ ሁለተኛ ፈረሰኛ ያስፈልጋል፣ ለዚያ ቦታ የሚለቀው ከነጠላው ክንፍ አንድ ጭፍራ ነው፣ የዘመኑ የጦር ዝርዝር የሚፈቅድ ከሆነ። "ፊት ለፊት" ከበዛ ደግሞ ነጠላ ጭፍራ ከሌጌዎን ፊት እየቆመ ነው ማለት ነው፤ አሰላለፉን ያዛውሩ። የመጀመሪያው ግጭት እየዘገየ ከሆነ፣ ወርዋሪውን ለማንቀሳቀስ የሚወጣው ነጥብ ብዙ ይሆን እንደሆነ ይመልከቱ።

ለውጡን ካደረጉ በኋላ ሌላ ስድስት ጨዋታ፣ በዚያው መዝገብ። ሁለት ተከታታይ ስድስት ጨዋታ ያለ ለውጥ ያለፈ ጦር ምስል ሊገዛለት የደረሰ ነው። ሲያጣብቁም የድርቡን ፊተኛና ኋለኛ መቆሚያ ጠርዝ በአንድ ዓይነት ቀለም ይቀቡ፤ በጨዋታ መካከል ሰልፉ ሲቆራረጥ የትኛው የማን ደጋፊ እንደሆነ ከሩቅ ይለያል።